አገርህ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች

አባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከጥልቅ ሐዘን ጋር የማሳውቅህ ከባድ ዜና አለኝ። ለረጅም ዘመን በቅንነትና በታማኝነት ሲያገለግለን የኖረው ባለ ሰማያዊ አበባው የሻይ በራድህ፣ ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ከምድጃ ሲወርድ ከእጄ አምልጦ አፍንጫው ተሰበረ። የቀረው አካሉ ደኅና ነው። ሆኖም አፍንጫ የሌለው በራድ እንግዳ ፊት አይቀርብምና በክብር ጡረታ ወጥቶ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ጎረቤቶች መጥተው "አላህ ያጽናሽ" ብለውኛል። ጥፋተኛዋም መርማሪዋም እኔው በመሆኔ ምርመራው ባጭሩ ተዘግቷል።

ሌላው ወሬ ቀላል ነው። ስለ ዜግነቴ ነው።

አንተ ከሄድክ ወዲህ የሚያዝያው ዝናብ፣ ቦረናዎቹ ጋና የሚሉት፣ ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ ሄደ። የመጀመሪያው ስስታም ነበር። የዘንድሮው ግን መቃብርህ ላይ ሣር አበቀለ። የልብ ወዳጅህ የኦቦ ጃርሶ ፍየል ሣሩን ጋጠችው፤ ኦቦ ጃርሶም ፍየሏን ቆንጠጥ አድርገው ካንተ ይቅርታ ጠየቁ። እኔ አልተቀየምኳትም። አንተ በሕይወትህ ለመጣ ሰው ሁሉ ከመደርደሪያ አውርደህ ስትሰጥ ኖረሃል፤ አሁን ለፍየል ብትሰጥ ምን ይገርማል?

ነገሌ እንዳለች አለች። ከጦር ሰፈሩ የሚነፋው ጡሩምባ ዛሬም ከንጋት ሶላት ጋር ይሽቀዳደማል፤ አንዳንድ ቀን እሱ ይቀድማል፣ አንዳንድ ቀን አዛኑ። ስኳር በቀበሌ በኩል ስለሚታደል የእኛ ሱቅ ስኳርን የሚያውቀው በዝና ነው። ጨው አለን፤ አቡጀዲ አለን፤ የሚታኘክ ትንባሆና የባትሪ ድንጋይ አለን። ሰዉ አሁንም "ዓረብ ቤት ሄጄ መጣሁ" ይላል። ዓረቡ ሄዶ ዓረብ ቤቱ ቀረ። እኔን ደግሞ "የዓረብ ቤቷ ልጅ" ይሉኛል። ይህን ስም በሕፃንነቴ እንደ ሹመት ነበር የምሰማው። ለካ ክስ ኖሯል።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ካረፍክ ጥቂት እንደቆየ፣ የውጭ አገር ሰዎችን ጉዳይ ከሚያየው ክፍል ደብዳቤ መጣልህ። "የመኖሪያ ፈቃድዎ ጊዜው ስላለፈ በአስቸኳይ በአካል ቀርበው እንዲያሳድሱ፣ ካልቀረቡ ግን ከአገር የሚወጡ መሆኑን እናስታውቃለን" ይላል። አንብቤ ሳልጨርስ ሳቄ መጣ። ከዚያ ደግሞ ማቆም ያቃተኝ ሳቅ አልነበረም።

ሄድኩ። ጸሐፊው አዲስ ነው፤ ጓድ ሥዩም ይባላል፤ ከደጋ ተዛውሮ የመጣ፣ ፊቱን የነገሌ ፀሐይ የላጠው፣ ክፉ ያልሆነ ሰው። ባዶ የቀረ መስመር ካየ ግን እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ነው።

"አቶ ሳሊም ለምን በአካል አልቀረቡም?" አለኝ።

"ሞተዋል።"

"ነፍስ ይማር። ታዲያ መቼ ወጡ?"

"አልወጡም። ሞቱ እንጂ።"

"እህቴ፣ የውጭ አገር ሰው በመዝገብ የሚታወቀው ሲገባና ሲወጣ ነው። ለሞት የተተወ ቦታ የለም። በየትኛው በር ወጡ?"

መዝገቡን አየሁት። መስመሯ ባዶ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። "በነገሌ" አልኩት። ብዕሩን አንስቶ ጥቂት አሰበና "በነገሌ" ብሎ ጻፈ። በዚያች ቅጽበት ከተማችን የጠረፍ ኬላ ሆነች። ያንተም ጉዳይ በሥርዓቱ ተዘጋ። እኔን ያሳዘነኝ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ተኝተህ ማንም የማይጠይቅህ የመጀመሪያው ቦታ መቃብርህ መሆኑ ነው። አፈሩ ምንም ሳይጠይቅ ነበር የተቀበለህ።

እንግዲህ ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ጓድ ሥዩም "አንቺስ?" አለ።

እኔማ እስከዚያ ቀን ድረስ ያንተ ፈቃድ ጀርባ ላይ "አንዲት ሴት ልጅ" ተብዬ እኖር ነበር። ያቺ አንዲት ሴት ልጅ አድጋለች፤ አባቷ ደግሞ በነገሌ በር ወጥቷል። ስለዚህ የራሷ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ጓድ ሥዩም አዲስ ቅጽ አወጣ።

"ወደ ኢትዮጵያ የገባሽበት በር?"

"እናቴ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ። "ኬላውን ነው የምልሽ።"

"ሌላ በር አላውቅም ጓድ። እዚሁ ነው የተወለድኩት፤ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሁለተኛው ቤት።"

"የእናት ዜግነት?"

"የአባቴው።"

"በቃ፤ ከውጭ አገር ሰዎች የተወለድሽ የውጭ አገር ሰው ነሽ። እዚህ መወለድ የትውልድ ቦታ እንጂ ዜግነት አይሆንም። ፓስፖርትሽን ይዘሽ ነይ።"

እንግዲህ ያንን ፓስፖርት ፍለጋ አዲስ አበባ ወጣሁ። ቦሩ ነው በጭነት መኪናው፣ በኤንትሬው የወሰደኝ። ቦሩን ታውቀዋለህ፤ የኦቦ ጃርሶ ልጅ ነው። ብቻ መኪና ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ከነገሌ ሻሸመኔ ድረስ በየጠመዝማዛው ዘፈነ፣ እኔ በየጠመዝማዛው ዱዓ አደረግሁ። የአገርህ ጉዳይ ወደሚታይበት ኤምባሲ ስገባ ሰውየው እንደ ዘመድ ተቀበለኝ፤ ሄል ያለበት ሻይ በወተት አጠጣኝ፤ ሽታው አንተን አንተን ብሎኝ ብርጭቆውን መልሼ አስቀመጥኩት። የሰፈርህን ስም ነገርኩት፤ ያወቅኩት ያንኑ ነው። ከጭቃ የተሠሩ ፎቅ ቤቶች፣ የቴምር ዛፎች፣ አንድ የጉድጓድ ውኃ። አንገቱን ነቀነቀ።

"አባትሽ አገር ለቀው የወጡት መቼ ነው?" ነገርኩት። በጣቱ ቆጥሮ ሲያበቃ በታላቅ ትሕትና እንዲህ አለኝ፦ "እሳቸው ሲወጡ ይቺ አገር ገና አልነበረችም።"

አባ፣ አገርህ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። አንተ እሷን ጥለህ አልወጣህም፤ እሷ ናት ዘግይታ የመጣችው። ሳትጠብቃት ቀርተህ ከሆነ እንኳ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። በዚያ ላይ ሁለት ሆና ነው የመጣችው፤ አንዷ ሰሜን ሌላዋ ደቡብ። ሰውየው ሲያስረዳኝ፣ በውጭ አገር የተወለደ ልጅ በጊዜው በአባቱ መመዝገብ ነበረበት። አባትየው ራሱ አልተመዘገበም። ስለዚህ ከሰፈርህ ሽማግሌዎች ምስክርነት እስኪመጣ እኔ የነሱ ልጅ መሆኔ አይታወቅም። "ሽማግሌዎቹ ካሉ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ነገሌ "የእኛ አይደለሽም፣ የነሱ ነሽ" ትለኛለች። እዚያ ደግሞ "የእኛ መሆንሽ አልተረጋገጠም" ይሉኛል። ለመኖር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ፓስፖርት ይጠይቃል። መሄዱንስ ብል፣ መውጫ ቪዛው የሚመታው ፓስፖርት ላይ ነው። እንግዲህ መኖርም መሄድም ክልክል ከሆነ፣ በሕግ የተፈቀደልኝ ቆሜ መቆየት ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ጓድ ሥዩም እስከ መቼ እንደሚፈቅድልኝ አልነገረኝም። ሱቁም በውጭ አገር ሰው ስም ስለተከፈተ፣ ሰውየው በነገሌ በር ከወጣ በኋላ ሊታሸግ እንደሚችል ግን በጨዋ ደንብ ጠቆም አድርጎኛል።

ያን ሰሞን ነው አንተን መናፈቅ የጀመርኩት ብል ሐሰት ይሆናል። ያን ሰሞን ነው ናፍቆቱ ሥራ የሚያስፈታ የሆነው። ኮትህን አሰብኩ። በየዓመቱ ፈቃድህን ልታሳድስ ስትሄድ፣ የነገሌ ሙቀት ድንጋይ በሚሰነጥቅበት በዚያ ወር፣ ጥቁሩን ኮት ከሣጥን ታወጣለህ። የብል መድኃኒቱ ሽታ ካንተ አንድ እርምጃ ቀድሞ ቢሮ ይገባል። እኔን በአንድ እጅህ፣ ወረቀቱን በሌላ እጅህ ይዘህ፣ ላብህ እየተንጠፈጠፈ ወረፋ ትይዛለህ። "ኮቱን ለምን አታወልቀውም?" ስልህ "እንግዳ ሰው አምሮ ነው የሚቀርበው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ" ትላለህ። እኔ ልጅህ ከዚያ ወረፋ በስተቀር እንግዳ መሆንህን የት አውቅ ነበር? ከቢሮው ስንወጣ ኮቱን አውልቀህ ትከሻህ ላይ ጣል ታደርገዋለህ፣ ከኦሮሞው ጋር በኦሮምኛ፣ ከጉራጌው ጋር በአማርኛ፣ ከአህያው ጋር በዓረብኛ እየተጨቃጨቅህ ቤትህ ትገባለህ። ማታ ደግሞ "የሚመጣው ዓመት እንሄዳለን" ትለኛለህ። በሚመጣው ዓመት ዝናቡ ይጠፋል፤ ወይ ጨው ይወደዳል፤ ወይ መንገድ ይዘጋል። ሁልጊዜም አንድ ጥሩ ምክንያት አታጣም ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ጓድ ሥዩም ሕጉን አገላብጦ አንድ መውጫ አገኘልኝ፦ ማመልከቻ አስገብቼ ዜግነት መጠየቅ እችላለሁ። ዕድሜ መድረስ፣ በአገሪቱ መኖር፣ ራስን መቻል፣ አማርኛ መናገርና መጻፍ ማወቅ። የመጨረሻውን ሲያነብልኝ እኔም እሱም መስኮቱን አየን። ይህ አንቀጽ በገበያ ቀን ነገሌ ላይ ቢሠራበት ገበያተኛው ሁሉ ይሸኝና ፍየሎቹ ብቻ ይቀራሉ።

"ከዚህ የሚያጥር መንገድም አለ" አለ ጓድ ሥዩም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ኢትዮጵያዊ ያገባች የውጭ አገር ሴት በዚያው ኢትዮጵያዊት ትሆናለች።"

ይህ ወሬ ከቢሮው እንዴት እንደወጣ አላህ ይወቅ። በሳምንቱ ሱቃችን የባል ገበያ ሆነ። አንድ ግመል ነጋዴ ሦስተኛ ሚስት ሊያደርገኝ ፈቀደ፤ የሁለቱ ሚስቶቹ መስማማት ብቻ ነው የቀረው አለ። ከጦር ሰፈሩ አንድ ሃምሳ አለቃ ባትሪ ድንጋይ ሊገዛ መጥቶ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ "አንቺ ሱቅ አለሽ፣ እኔ አገር አለኝ" አለኝ። ከዚህ ያማረ የፍቅር ቃል ተብሎልኝ አያውቅም። ባትሪ ድንጋዩን ሸጥኩለት፤ አገሩን ይዞ ሄደ።

ማግባትን ጠልቼ አይደለም አባ። ግን የተወለድኩበትን አገር ከሰው ኪስ ወጥቶ እንዲሰጠኝ አልፈለግሁም። ሰውየው አንድ ቀን ቢቆጣና "ውጪልኝ" ቢለኝ ከቤቱ ነው ወይስ ከአገሩ የምወጣው? እሱን ማን ያስረዳኛል? ስለዚህ ማመልከቻዬን ጻፍኩ።

ማመልከቻው ምስክር ይፈልጋል። ለኦቦ ጃርሶ ብቻ ነበር የነገርኩት። በቀጠሮው ቀን ግን ኦቦ ጃርሶ በትራቸውን ይዘው፣ ባለቤታቸው አዮ ጡሜ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦሩም የኤንትሬውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ ሦስቱም ቢሮው በር ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው። አዮ ማለት እናት ማለት እንደሆነ ለጓድ ሥዩም ነገርኩት። "እናትሽ የውጭ አገር ሰው ናቸው አላልሽም?" አለ፤ ብዕሩ እጁ ላይ ቆመ።

ኦቦ ጃርሶ ሊያስረዱት ተነሡ። አማርኛቸውን ታውቀዋለህ፤ መጀመሪያ በሰላምታ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። "አካም፣ ናጋ? ቤት ናጋ? ከብት ናጋ?" ጓድ ሥዩም ከብት የለኝም ሊል አስቦ ተወው። ከዚያ ነገሩን ተናገሩ፦ የዚች ልጅ እናት በወሊድ ሞተች። አባቷ ሳሊም ጨርቅ ተጠቅልላ የምታለቅስ ሕፃን ይዞ በጠዋት በራችን ላይ ቆመ። ጡሜ ቦሩን ከአንድ ጡቷ አንሥታ ወደ ሌላው አዛወረችው፤ በለቀቀው በኩል ይቺን አስገባች። በእኛ ሥርዓት አደራ አይደለችም፤ የማደጎ አይደለችም፤ ልጅ ናት። ጨረስኩ።

ጓድ ሥዩም በጥሞና ሰማ። ሲጽፍ ቆየ። ከዚያ ፊቱ በድንገት በራ፤ የቸገረውን ሁሉ የፈታ መሰለው።

"ታዲያ ምን ያለፋችኋል?" አለ፤ ወደ ቦሩ እያየ። "ይኸው ኢትዮጵያዊ፤ ይኸው ጎልማሳ፤ ይኸው ሥራ ያለው። አብረው ያደጉ፣ የሚተዋወቁ። ያግባትና ዛሬውኑ ይለቅ!"

አባ፣ ፊታችንን ብታየው። የጦር ሰፈሩ ጡሩምባ እንኳ ያኔ ቢነፋ ያፍር ነበር። የቦሩ ቁልፍ መሬት ወደቀ። ኦቦ ጃርሶ በትራቸውን ጨበጡት፤ ከዚያ ቢሮ መሆኑ ትዝ ብሏቸው ለቀቁት። ቦሩ ነው መጀመሪያ የተነፈሰው፦ "እህቴን አግባ ነው የምትለኝ ጓድ?"

"በሕግ እህትህ አይደለችም።"

አዮ ጡሜ አማርኛ አትሰማም እንል ነበር፤ ለካ ስትፈልግ ትሰማለች። ተነሣች። ደረቷን በመዳፏ መታ አድርጋ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ቦሩ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተረጎመው፦ "በሕግ እህቱ ካልሆነች፣ ያጠባኋት በምንድን ነው ትላለች።"

እኔም ጨመርኩ፤ ሕፃን ሳለሁ አንተ መስጊድ ደጃፍ ሽማግሌ ሰብስበህ ቦሩ ወንድሜ መሆኑን ያወጅከውን ነገርኩት። በእኛ ሃይማኖትም ከአንድ ጡት የጠቡ አይጋቡም። በቦረናም አይሆንም፤ በእስልምናም አይሆንም። የሚሆንበት ሥፍራ ቢኖር የጓድ ሥዩም ጠረጴዛ ብቻ ነው።

ጓድ ሥዩም ጆሮው ድረስ ቀላ። ተነሥቶ ለአዮ ጡሜ ጎንበስ አለ። "ይቅርታ እማማ" አላት። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ግን እንደምታውቀው ባዶ መስመር አይወድም፤ አመልካቿ አጭሩን መንገድ ለምን እንዳልመረጠች ምክንያቱን መጻፍ ነበረበት። አስቦ አስቦ ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበልን፦ "አመልካቿ የቀረበላቸውን ኢትዮጵያዊ ያላገቡት ወንድማቸው በመሆኑ ነው።" ቀና አለ። "ልክ ነው?"

"ልክ ነው" አልን ሁላችንም። ማኅተሙን መታው። እንዲህ ሆኖ መንግሥት ዜግነት ሳይሰጠኝ በፊት ወንድም ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ "እንደ ውጭ አገር ሰው" የሚለውን ቃል ለእኔ ሲጠቀም ምላሱ ይያዝበት ጀመር።

ማመልከቻው አዲስ አበባ ወጣ። የአማርኛውንም ፈተና እዚሁ ተፈተንኩ። ከፈታኞቹ አንዱ በቃል "ኢትዮጵያዊት መሆን ለምን ፈለግሽ?" አለኝ። ስለ አብዮቱ፣ ስለ ሰፊው ሕዝብ የተዘጋጀሁት ንግግር ነበረ፤ ጠፋብኝ። "ሌላ ነገር ሆኜ ስለማላውቅ" አልኩት። ጻፈው። አለፍኩ።

መልሱ መጣ አባ። ተፈቅዷል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ሰኞ ጠዋት ቀርቤ የምፈርማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ "የአባቴን ዜግነት በገዛ ፈቃዴ ትቻለሁ።" ጓድ ሥዩም ልማድ ናት፣ አንድ መስመር ናት፣ አታስቢው ብሎኛል። የምተወው ነገር ተሰጥቶኝ ቢያውቅ አላስበውም ነበር። በወረቀት ያልተሰጠኝን በወረቀት ተዪ ይሉኛል፤ ይሁን። ግን "የአባቴን" የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ዓይኔ አያልፈውም። አንተ ስትወጣ በወጣህበት ልብስ ላይ አገርህን ለብሰህ ነበር የመጣኸው፤ ስትጸልይ ፊትህ ወደዚያ ነበር፤ ስትቆጣ በዚያው ቋንቋ ነበር። እኔ ልጅህ አንድ ሰኞ ጠዋት ብድግ ብዬ "ትቻለሁ" ልበል? ኮትህን ለብሼ ልሂድ ብዬ ሞከርኩት፤ እጅጌው ከጣቶቼ አለፈ። አወለቅሁት።

ለአዮ ጡሜ ነገርኳት። አባቴ ይቀየመኝ ይሆን አልኳት። መልሷ ሳቅ ነበር። "ዱብሉቅን ታስታውሻለሽ?" አለችኝ።

አዎ አስታውሳለሁ። ትንሽ ነበርኩ። በጭነት መኪና ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ሄድን፣ ለንግድ መስሎኝ። ሣጥናችን ሁሉ ተጭኗል። ዱብሉቅ ላይ ጉድጓዶቹ ዘንድ አወረድከኝ። ሰዎቹ ከጥልቁ ጀምሮ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ባልዲውን ሲቀባበሉ፣ ውኃው በእጃቸው ሽቅብ ሲወጣ፣ በአንድ ድምፅ ሲዘፍኑ ሰማን። "መርከበኞቻችን ገመድ ሲስቡ እንዲህ ነው የሚዘፍኑት" አልከኝ። ባሕር ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅሁህ፤ ዓይንህን ከባልዲዎቹ አላነሣህም። ከብቶቹ ጠጥተው እስኪያበቁ ቆምን። ከዚያ ወደ መኪናው ተመልሰን ሣጥኖቹን አወረድክ፣ በሌላ መኪና ጫንክ፣ ነገሌ ገባን። እኔ ንግዱ ያልቀና መስሎኝ ነበር።

ንግድ አልነበረም ለካ። መሄድህ ነበር። ከሞያሌ ሞምባሳ፣ ከሞምባሳ በመርከብ፤ የመርከቡ ነገር ሁሉ ተጨርሶ ነበር አለችኝ አዮ ጡሜ። ኦቦ ጃርሶ አልቅሰው ሸኝተውህ ነበር። ተመልሰህ ስትመጣ በሩ ላይ ቆመው "ምን ረሳህ?" ቢሉህ "ሚስቴን" አልካቸው። አንተ ከመስጊዱ ጀርባ ካለው መቃብር የእናቴን አጥንት ይዘህ መሄድ አትችልም፤ ጥለሃትም መሄድ አልቻልክም። ከዚያ ወዲህ ያሉት ዝናቦች፣ ጨዎች፣ የተዘጉ መንገዶች ሁሉ ለኔ የተነገሩ ነበሩ። እኔም አመንኩ። በየዓመቱ ኮት ለብሰህ በሙቀት የቆምከው የመቆየት ፈቃድ ልትጠይቅ ነበር፤ የሄድክ ቀን የምትለየው ሰው ስለነበረህ።

ይህን ለምን ራስህ አልነገርከኝም? ብትነግረኝ ኖሮ በዚያ ወረፋ ላይ እጅህን እንዲያ አልጎትትም ነበር። "እንሂድ፣ ሞቀኝ" አልልህም ነበር። አሁን ብትመጣ፣ አንዲት ጠዋት ብቻ ብትመጣ፣ ቀኑን ሙሉ አብሬህ እቆማለሁ። ጓድ ሥዩም ሻይ ልጋብዛችሁ ቢል እንኳ ወረፋችንን አንለቅም።

አሁን ከእናቴ አጠገብ ነህ። ሁለታችሁም ጎን ለጎን። ስለዚህ ሰኞ እፈርማለሁ አባ። ከቢሮው ሳይሆን ከእኔ እንድትሰማው ብዬ ነው ቀድሜ የጻፍኩልህ።

ቃል የምገባልህ ይህን ነው። ወረቀቱ የሚቀበለው የእኔን፣ ያንተንና የአባትህን ስም ብቻ ነው፤ እኔ ግን ያስቆጠርከኝን የአባቶችህን ስም እስከ መጨረሻው እቆጥራለሁ፣ ልጅ ብወልድ ቁርስ ከመብላቱ በፊት አስቆጥረዋለሁ፤ ያለቅስ እንደሆን ያልቅስ። የሱቁን ስም ማንም እንዲቀይረው አልፈቅድም፤ ዓረብ ቤት ነው። ማንም ሰው መጥቶ አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ወደ መደርደሪያው ከመዞሬ በፊት እንዳንተ "ናጋ?" ብዬ ስለ ከብቱ እጠይቀዋለሁ፤ ከብት ባይኖረውም። ዓርብ ዓርብ እመጣለሁ። ፍየሏ ቀድማኝ ከደረሰች እናንተ ዘንድ ያለውን ሣር ተካፍለን እንቀመጣለን።

በናፍቆት፣
ያቺ አንዲት ሴት ልጅ

ማረሚያ፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ፣ ከርእሱ ጀምሮ፣ ባሕር ማዶ ያለውን ሥፍራ በተለያየ ቦታ "አገርህ" ብዬ መጥቀሴ በስሕተት የተፈጸመ ነው። ስለዚህ "አገርህ" የተባለው በሙሉ "የተወለድክበት" ተብሎ ይነበብ። አገርህ ነገሌ ናት።